የምድር ፕሌቶችን የሚያንቀሳቅሳቸው ምንድን ነው? በማድ ቤት ዕቃ አሠርቶ የማሳየት መመሪያ

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ሲናወጥ፣ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖር ስንት ሰው በሌሊት ደረጃ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ተማሪውም፣ የተማሪው ወላጅም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም ያው ጥያቄ ነው የሚያነሳው፤ «ቆይ፣ መሬቱን የሚገፋው ምንድን ነው?»

በአፍ ስመልስ ከረምኩ። ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። አንድ ቀን ፎጣ አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አሳየሁ። «አሃ!» ተባለ። ይኸው አሠራሩን ቤታችሁም ክፍላችሁም እንድትሞክሩት ጽፌላችኋለሁ። ሙሉው ሥራ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ቃል ላጥራ። ፕሌት ስል የምድርን ደረቅ የላይ ክዳን ቁራጭ ማለቴ ነው። ውፍረቱ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሥሩ ያለው ማንትል ይባላል፤ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወርዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጥፍር ቀለም እና ማስመሪያ
- ምድጃ ውስጥ የሚገባ፣ እሳት የሚችል ጥልቅ የብርጭቆ ሳህን
- ሳህኑን ሁለት ጣት ያህል የሚሞላ የምግብ ዘይት
- አንድ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ፣ በእጅ የደቀቀ
- አንድ አጭር ሻማ እና ሳህኑን የሚሸከሙ እኩል ጡቦች (ጉልቻም ይሆናል፣ ካልተንገዳገደ)
- ከጠርሙስ ቡሽ በስሱ የተቆረጡ ሁለት ክቦች
- ቀይ ስር የተቀቀለበት ውሃ፣ በፍሪጅ በረዶ የተደረገ
- አንድ ረዘም ያለ ፎጣ እና ለስላሳ ጠረጴዛ
- አንድ እፍኝ ለስለስ ያለ ሊጥ
- አንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ የደረቀ የቡና አተላ፣ ሰፊ ትሪ፣ ሁለት ጠንካራ ካርቶን
- ቀይ ባሕርን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና አፋርን በደንብ የሚያሳይ ካርታ፣ ስስ ወረቀት፣ መቀስ

ዘይት እንዳይባክን የምትሰጉ ካላችሁ አይዟችሁ። ተጠልሎ ወደ ድስት ይመለሳል። ትንሽ ጦስኝ ጦስኝ ይላል እንጂ ምንም አይሆንም።

ጥንቃቄ

ተራ የመጠጥ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳህን እሳት ላይ አታድርጉ። አንዱ ይፈነዳል፣ ሌላው ይቀልጣል።

ዘይቱ ለብ ማለት እንጂ መጥበስ የለበትም። ጭስ ካያችሁ ሻማውን አጥፉ። ዘይት በእሳት ቢያያዝ ውሃ ፈጽሞ አታፍስሱበት፤ ክዳን ድፉበት። ነጠላ የለበሰ ወይም ፀጉሩን የለቀቀ ሰው ሻማው ላይ አያጎንብስ።

ዱቄቱን ስትነኩ ሻማው ጠፍቶ፣ ከአካባቢውም ተነሥቶ ይሁን። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ይይዛል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ደረጃ 1፦ ጥፍራችሁን ምልክት አድርጉ

የአውራ ጣታችሁ ጥፍር ከቆዳው የሚወጣበት ጫፍ ላይ ቀጭን የጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ። ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ተዉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው «ፕሌት ይንቀሳቀሳል» ሲባል የሚሮጥ ነገር ነው የሚታየው። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያድጋል፤ በዓመት ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የፓስፊክ ፕሌት በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ ጥፍራችሁን ይቀድመዋል። አረቢያ አፋር ላይ ከአፍሪካ የሚርቀው ግን በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከአዋሽ ወደ ዝዋይና ሐዋሳ የሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ደረጃ 2፦ ዘይቱን ከሥር አሙቁ

ሳህኑን ጡቦቹ ላይ አስቀምጡ። ዘይቱን አፍስሱ፣ ጦስኙን ጨምሩና አማስሉ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ጠብቁ። አሁን ሻማውን ለኩሳችሁ ከመሐል ሥር አስገቡ። ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ።

ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ጦስኙ ከሻማው በላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ወደ ዳር ይሄዳል፣ ዳር ላይ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ሁለቱን የቡሽ ክቦች ከመሐል ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀስ እያሉ ይለያያሉ።

ይህ የሚያሳየው ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። የምድር ሆድ ትኩስ ነው። ሙቀቱ ግማሽ ያህሉ ምድር ስትፈጠር የቀረ ነው፤ የቀረው በዓለቱ ውስጥ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ሲፈራርሱ የሚወጣ ነው። ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። የሞቀ ነገር ይሰፋል፣ ይቀልላል፣ ይነሣል።

ብዙ የትምህርት ቤት ሥዕል እዚህ ላይ ያበቃል። ችግሩም እዚህ ነው። ተማሪው ፕሌትን እንደ ቡሹ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከሥር የሚፈስ ነገር ተሸክሞት የሚሄድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ተሳፋሪ። እውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻማውን አጥፉና ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ አሁን ከላይ አቀዝቅዙ

ዘይቱን ገልብጡ፤ ሳህኑ እስኪበርድ ጠብቁ። ትኩስ ሳህን ላይ በረዶ ማድረግ ሳህን መስበር ነው። በደንብ አጥባችሁ ለብ ያለ ውሃ ሙሉበት። ውሃው ረግቶ ሲቆም የቀይ ስሩን በረዶ አንዱ ዳር ላይ በቀስታ ልቀቁት። እጃችሁን ሰብስቡ። ጠረጴዛውን የሚነካ አይኑር።

ቀዩ ውሃ እንደ ክር ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ደርሶ ወለሉን ይዞ ወደ ሌላኛው ዳር ይሳባል። ውሃው ላይ ጥቂት የደቀቀ ጦስኝ በትናችሁ ከሆነ፣ ላይ ላዩን ወደ በረዶው ሲጠጋ ታያላችሁ።

ሻማ የለም። የሚገፋ የለም። ግን ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ምክንያቱም ቀዝቃዛው ከበደና ሰመጠ፤ ሲሰምጥ የሌላውን ውሃ ቦታ አስለቀቀ። ምድርም ላይ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የውቅያኖስ ወለል ሲፈጠር ትኩስ ነው። ከተፈጠረበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ይወፍራል፣ ይከብዳል። በመጨረሻ ጠርዙ ወደ ማንትሉ ይጠልቃል። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያረጀ የውቅያኖስ ወለል እንደ ልብ የማይገኘው ለዚህ ነው። አርጅቶ ሳይቆይ ይሰምጣላ።

ደረጃ 4፦ ፎጣው (ይህን አትዝለሉ)

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብቻ ሥሩ።

ሀ. ደረቁን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ በቁመቱ ዘርጉ። አንዱ ጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይውረድ።

ለ. የተንጠለጠለውን ጫፍ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር እየጨመራችሁ ወደ ታች ሳቡና ልቀቁ። መጀመሪያ ይቆማል። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ራሱ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ምን ያህል ተንጠልጥሎ እንደነበር ለኩና ጻፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙ። ቁጥሩ እንደ ጠረጴዛውና እንደ ፎጣው ይለያያል፤ የናንተ ከኔ ጋር ባይገጥም አትደናገጡ።

ሐ. አሁን የሚንጠለጠለውን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል በውሃ አርጥቡና እንዳይንጠባጠብ ጨምቁት። እንደገና ሞክሩ። ባነሰ ርዝመት ይሄዳል።

መ. ፎጣው ላይ፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ የጠርሙስ ክዳን አስቀምጡና ድገሙት። ክዳኑን ማንም አልነካውም፤ አብሮ ይጓዛል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፎጣ ፕሌቱ ነው። የተንጠለጠለው ወደ ማንትል የጠለቀው ጠርዙ ነው። ክዳኑ ፕሌቱ ላይ ያለ አገር በሉት። የሰመጠው ጠርዝ በክብደቱ የቀረውን ይጎትታል። ፕሌቶችን ከሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች ትልቁ ይህ ነው።

ማርጠቡስ ለምን አስፈለገ? የውቅያኖስ ወለል በአብዛኛው ባሳልት ነው። እፍጋቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወደ 3 ግራም ነው፤ ከማንትሉ ይቀላል። ጠልቆ ሲገባ ግን ግፊቱ ማዕድናቱን ይለውጣቸዋል፣ ኤክሎጃይት የሚባል ዓለት ይሆናል፣ እፍጋቱም ወደ 3.5 ይጠጋል። አሁን ከማንትሉ በላይ ከበደ ማለት ነው። አንዴ መውረድ ከጀመረ ይበልጥ ለመውረድ ይመቸዋል። እርጥቡ ጫፍ ይህን ነው የሚያሳየው።

ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፋችሁት ቁጥር ተመለሱ። ፓስፊክ ለምን ፈጠነ? ከጃፓን፣ ከማሪያናና ከቶንጋ በኩል ረጅም ጠርዙ ጠልቋል። የተንጠለጠለ ፎጣ አለው። አፍሪካ ለምን ተንቀራፈፈ? ዙሪያው በአብዛኛው አዲስ ወለል የሚወለድበት የውቅያኖስ መሐል ተራራ ነው። የሚጠልቅ ጠርዝ ያለው በሜዲትራኒያን በኩል፣ ያውም ትንሽ ነው።

አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ፎጣው ከተንቀሳቀሰ በኋላ እየፈጠነ ዱብ ይላል። ፕሌት እንዲህ አይሆንም። ማንትሉ ከማር እጅግ በጣም የወፈረ ነው፤ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ እኩል ሆኖ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ ሊጡ

ሊጡን ትሪ ላይ ከምሩትና ሻይ ጠጡ። ስትመለሱ ከመሐል ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ሰፍቷል። ከፍ ያለ ነገር በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይገፋል። የውቅያኖስ መሐል ተራሮች ሁለቱን ጎን እንዲህ ይገፋሉ። የኢትዮጵያ ከፍታም ከሥሩ በሚነሣ ትኩስ ማንትል ተደግፎ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ያው ግፊት አለበት። ኃይሉ ከፎጣው ያንሳል፣ ግን ለኛ አገር ወሳኝ ነው። ሊጡን መጋገር ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ስምጥ ሸለቆ ሥሩ

ሻማው መጥፋቱን አረጋግጡ።

ሀ. ሁለቱን ካርቶኖች ትሪው ላይ አንጥፉ። መሐል ላይ አንዱ በሌላው ላይ አራት ጣት ያህል ይደረብ።

ለ. ሁለት ሴንቲ ሜትር ዱቄት አልብሱ። በላዩ ስስ የቡና አተላ ነስንሱ። እንደገና ዱቄት፣ እንደገና አተላ፣ ዱቄት። በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ያልተጠቀጠቀ ዱቄት ይፈሳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ስንጥቁን ነው።

ሐ. ሁለት ሰው ሁለቱን ካርቶን ይያዝ። በጣም በቀስታ፣ ወደየራሳችሁ፣ አንድ ጣት ያህል ጎትቱ። አቁሙና እዩ። ትንሽ ጨምሩ።

መሐሉ ቁልቁል ይወርዳል። ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጠርዙ ላይ ደረጃ ደረጃ የመሰለ ስንጥቅ ይፈጠራል። በቢላ ቁረጡትና ከጎን ተመልከቱ፤ የአተላው መስመር ተቆርጦ አንዱ ወገን ዝቅ ብሏል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በመኪና የወረደ ሰው ያንን ደረጃ በጆሮው መደፈን ሳይቀር ያውቀዋል።

የላይኛው ቅርፊት (የፕሌቱ የላይ ሽፋን) ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ሲሳብ ይሰበራል። ስብራቱ ዘንበል ያለ ነው። ስለዚህ መሐል ያለው ቁራጭ መደገፊያ ሲያጣ ይወርዳል። እየተሳበ ስለሆነም ይሳሳል። ደጋው ላይ ቅርፊቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ ዳናክል ላይ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ሳስቷል።

ስትጎትቱ ልብ በሉ፤ እጃችሁ እኩል ይሄዳል፣ ዱቄቱ ግን ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይሰነጠቃል። ምድርም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አጠገብ፣ ቅልጥ ዓለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መስመር ከፈተ። በሳምንታት ውስጥ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ልጆቹን ሒሳቡን አሠሩዋቸው። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 8 ሜትር የስንት ዓመት ጉዞ ነው? የ400። አራት መቶ ዓመት የተጠራቀመ ጉዞ በአንድ ወቅት ተከፈለ እንደ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ አረቢያን ቁረጡና መልሱ

ስስ ወረቀቱን ካርታው ላይ አድርጋችሁ አረቢያንና አፍሪካን ገልብጡ። አረቢያን በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ቁረጡ። አሁን ቀይ ባሕር እስኪዘጋ ወደ አፍሪካ አስጠጉት። ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል፤ አረቢያ ሲርቅ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ እየዞረ ስለሆነ፣ ስትመልሱት በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አዙሩት።

ዳርቻዎቹ ይገጥማሉ። አንድ ቦታ ግን እንቢ ይላል። የመን አፋር ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ያሠራኋቸው ልጆች «ቲቸር፣ በደንብ አልቆረጥነውም» ብለው መቀስ አነሡ። በደንብ ቆርጠውት ነበር። አፋር አብዛኛው ያኔ ያልነበረ መሬት ነው። ፕሌቶቹ ሲለያዩ በተከፈተው ቦታ፣ ከሥር በወጣ ቅልጥ ዓለትና በደለል የተሞላ አዲስ ወለል ነው። የተደረበው ወረቀታችሁ ስህተት ሳይሆን መልስ ነው።

አሁን ቀስቶችን ሣሉ። ከአረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ወፍራም ቀስት። በዚያ በኩል የነበረው የቴቲስ ውቅያኖስ ወለል ከዩራሲያ ሥር ጠልቆ አረቢያን ሲጎትት ኖሯል፤ ዛሬ ከኢራን ጋር ተጋጭቶ የዛግሮስን ተራሮች አንሥቷል። በደቡብ ምሥራቅ ኢራን፣ በመክራን በኩል፣ አሁንም እየጠለቀ ያለ ወለል አለ። ያ የኛ ፎጣ ነው። ከኢትዮጵያ ሥር ደግሞ ወደ ላይ አንድ ቀስት፤ ትኩሱ ማንትል። የሰሜን ተራሮችን የገነባው የባሳልት ጎርፍ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው ከዚያ ነው። ከዚያ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ የሶማሊያን ፕሌት፣ በስተ ምዕራብ የኑቢያን ፕሌት (የቀረውን አፍሪካ) ጻፉ። ከአረቢያ ጋር ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

*«ከሥራችን የእሳት ባሕር አለ።»* ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የዘይቱ ሙከራም ያባብሰዋል። ማንትሉ ጠጣር ዓለት ነው። ግን ትኩስ ስለሆነ በረጅም ጊዜ ይፈስሳል። ቀጭን ሻማ ሁለት ጫፉን ብቻ አስደግፋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ለቀናት ተዉት። ሳይቀልጥ ይጎብጣል። ማግማ (ቅልጥ ዓለት) የሚገኘው እዚህም እዚያም፣ በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው።

*ሻማ ማብዛት።* ሦስት ሻማ ካደረጋችሁ ሳህኑ ሁሉ ይሞቅና ጦስኙ ይተራመሳል። እንቅስቃሴ የሚፈጥረው የሙቀት ልዩነት ነው። አንድ ሻማ፣ አንድ ቦታ።

*ፎጣውን በሙሉ ማርጠብ።* ጠረጴዛው ላይ ያለው ከረጠበ ይጣበቃል። ጫፉ ብቻ።

*ካርቶኑን መመንጨቅ።* ዱቄቱ ይበተናል፣ ሸለቆ የለም፣ የምትጠርጉት እናንተ ናችሁ።

*«ነገ ተነሥቼ አዳማ የባሕር ዳርቻ ብትሆንስ?»* በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስሉ። አንድ ሰው 60 ዓመት ቢኖር 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህች ማስመሪያ። የመሬት መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉዞው ቢዘገይም የተጠራቀመው ሲለቅ ቤት ይጥላል። ልጆች ይህን ሲጠይቁ «አይነካንም» ብላችሁ አታልፉት።

ሲያልቅ

ዘይቱን በማጥለያ አጥልሉና መልሱ። አተላ የገባበት ዱቄት ለዳቦ አይሆንም፤ በክዳን ዕቃ አስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው ክፍል ያገለግላል። በወሩ የጥፍራችሁን ቀለም ከቆዳው ጫፍ ለኩ። 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ካገኛችሁ፣ በዚያው ወር አረቢያ ከአፋር በኩል የራቀው ከዚያ ግማሽ ይሆናል። እሱንም አጠገቡ ጻፉት።